የፌዴራል ጡረተኛ የመድኃኒት ሽፋን፦ ደብዳቤው ሲመጣ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ለፌዴራል መንግሥት 22 ዓመት ሠርቼ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጣሁ። አሁን 65 ሞላኝ፤ ሜዲኬር ፓርት ኤም ፓርት ቢም ጀመርኩ። ባለቤቴ 61 ዓመቷ ነው፤ በእኔ የፌዴራል ኢንሹራንስ ነው የምትታከመው። እኔ ኤሊኩዊስ፣ ጃርዲያንስ፣ ሜትፎርሚንና አቶርቫስታቲን እወስዳለሁ። ሰሞኑን ከኢንሹራንሴ ደብዳቤ መጣ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ መድኃኒቴ በሜዲኬር በኩል እንደሚሆን፣ ካልፈለግኩ እንዳሳውቅ ይላል። አንድ ጓደኛዬ ‹ፓርት ዲ ለብቻ ካልገዛህ ዕድሜ ልክህን ትቀጣለህ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹የፌዴራሉን ካንስል አድርገህ ፕሪሚየም የሌለው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያዝ› ይለኛል። በየዓመቱ ሦስት አራት ወር አዲስ አበባ እቆያለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ የሁለቱም ጓደኞችዎ ምክር ለእርስዎ አይሆንም። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስወጣዎታል። የሁለተኛው ግን ባለቤትዎን ያለ ኢንሹራንስ ሊያስቀራት ይችላል።

ከቅጣቱ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚደናገጠው እሱ ላይ ነውና። የፓርት ዲ፣ ማለትም የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን፣ ቅጣት እውነት ነው። ግን የሚነካው ሜዲኬር ሲደርሰው ምንም በቂ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖረው የቆየን ሰው ነው። 63 ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ ያለ በቂ ሽፋን የቆየ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር ከአገር አቀፉ መነሻ ፕሪሚየም (ወርሃዊ ክፍያ) 1 በመቶ ይጨመርበታል። የ2026 መነሻ 38.99 ዶላር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘገየ ሰው በወር ወደ 9.40 ዶላር ገደማ ይጨምራል ማለት ነው፤ ፓርት ዲ እስከያዘ ድረስም አይለቀውም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

እርስዎ ግን የፌዴራል ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ አለዎት። ኤፍ ኢ ኤች ቢ የሚባለው ማለቴ ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ፕላኖች የመድኃኒት ሽፋን ቢያንስ ከፓርት ዲ ጋር እኩል እንደሆነ የታወቀ ነው። «ክሬዲተብል» የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ኤፍ ኢ ኤች ቢ በእጅዎ እስካለ ድረስ ፓርት ዲ ባይገዙም አይቀጡም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ እንኳን አይቀጡም። ይህንን የሚገልጸው ማስታወቂያ በፕላንዎ ዓመታዊ መጽሔት የመጀመሪያ ገጾች ላይ ታትሟል። ቆርጠው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት። አንድ ቀን ማስረጃ ቢጠየቁ ያ ወረቀት ይበቃል።

ጓደኛዎ የነገረዎት ሕግ ለሌላ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ከሜሪላንድ ስቴት መንግሥት ጡረታ የወጡና ሜዲኬር ያላቸው ሰዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የስቴቱ የመድኃኒት ሽፋን ተቋርጦባቸዋል። እነሱ ፓርት ዲ ራሳቸው መግዛት ነበረባቸው። ስለዚህ በሠርግና በለቅሶ ቤት ስለ ኢንሹራንስ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ከየትኛው መንግሥት ነው ጡረታ የወጣኸው?» መሆን አለበት። የፌዴራል፣ የስቴት፣ የካውንቲና የፖስታ ቤት ጡረተኛ አራቱም «የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ» ይላሉ። የሚገዛቸው ደንብ ግን የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ብዙ ሰው ይህንን ደብዳቤ ሲያይ «ኢንሹራንሴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። ከ2024 ጀምሮ ብዙ የፌዴራል ፕላኖች ሜዲኬር ያላቸውን ጡረተኞች የመድኃኒት ክፍል ብቻ ለይተው ወደ ፓርት ዲ ማዞር ጀምረዋል። ይህም አሠሪ ለጡረተኞቹ በቡድን የሚያቀርበው ፓርት ዲ ነው። ሐኪምዎ፣ ሆስፒታልዎ፣ የላቦራቶሪ ሽፋንዎ አይነካም። ለኤፍ ኢ ኤች ቢ የሚከፍሉት ፕሪሚየምም በዚህ ምክንያት አይጨምርም። የሚለወጠው ፋርማሲ ላይ የሚያሳዩት ካርድ፣ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር፣ የሚከፍሉት ድርሻና ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ ነው። ባለቤትዎ ሜዲኬር ስለሌላት ምንም አይነካትም። የእሷ መድኃኒት በድሮው ካርድ ይቀጥላል።

ዝም ካሉ ይገባሉ፤ አልፈልግም ካሉ ይወጣሉ። ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። የፌዴራል ጡረተኛ እምቢ ቢል የድሮው የኤፍ ኢ ኤች ቢ የመድኃኒት ሽፋን ይቀጥልለታል። ከገቡ በኋላም መውጣት ይቻላል። ፊርማዎ የማይፋቅ ስላልሆነ ሳይጨነቁ ያስቡበት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ የፖስታ ቤት ጡረተኛ ከሆኑ ይህ አይሠራም። የፖስታ ቤት ሠራተኞችና ጡረተኞች ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። እዚያ ሜዲኬር ያለው ጡረተኛ ከፓርት ዲው ከወጣ በፕላኑ በኩል ምንም የመድኃኒት ሽፋን አይኖረውም፤ ፕሪሚየሙም አይቀነስለትም። ከፌዴራል ጡረተኛ ጓደኛው ሰምቶ «እኔም ልውጣ» የሚል የፖስታ ቤት ጡረተኛ ካለ እባካችሁ አስቁሙት።

እንግዲህ ማወዳደር ያለብዎት ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው የድሮው የኤፍ ኢ ኤች ቢ የመድኃኒት ሽፋን ነው፤ ሁለተኛው ያው ፕላንዎ በሜዲኬር በኩል የሚያቀርብልዎት። ለብቻው የሚገዛው ፓርት ዲና ሜዲኬር አድቫንቴጁ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ከጨዋታው የወጡ ናቸው። ምክንያቱን በየተራ እነግርዎታለሁ።

ትልቁ ልዩነት ጣሪያው ነው። በ2022 የወጣው ሕግ በፓርት ዲ ከኪስ የሚወጣውን ገንዘብ በዓመት ገድቦታል። በ2025 ጣሪያው 2,000 ዶላር ነበር፤ በ2026 ደግሞ 2,100 ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ በፕላኑ ለተሸፈነ መድኃኒት አንድ ሳንቲም አይከፍሉም። የድሮው የኤፍ ኢ ኤች ቢ ሽፋንም ጣሪያ አለው። ግን በአብዛኛው ከሐኪም ቤት ወጪ ጋር የተደመረ ነው፤ መጠኑም በጣም ከፍ ያለ ነው። ዛሬ በአራት መድኃኒት ወደዚያ ላይደርሱ ይችላሉ። ካንሰር ወይም የመገጣጠሚያ በሽታ መጥቶ በወር በሺዎች የሚቆጠር መድኃኒት ቢታዘዝ ግን ልዩነቱ ቤት የሚያናጋ ይሆናል። በ65 ዓመት ዕድሜ ሽፋን ሲመርጡ የዛሬውን ጠርሙስ ብቻ አይቁጠሩ።

ከመድኃኒቶችዎ ሁለቱ ደግሞ በቀጥታ የሚነኩ ናቸው። ሜዲኬር ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋቸውን ከአምራቾቹ ጋር ከተደራደረባቸው 10 መድኃኒቶች ውስጥ ኤሊኩዊስና ጃርዲያንስ ይገኛሉ። አዲሱ ዋጋ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። የአንድ ወር ኤሊኩዊስ 231 ዶላር፣ የአንድ ወር ጃርዲያንስ 197 ዶላር ሆኗል። በ2023 የአምራቾቹ ዝርዝር ዋጋ 521 እና 573 ዶላር ነበር። ይህ ዋጋ የሚሠራው በፓርት ዲ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ከውጭ ያለ ሰው የሚገዛው የራሱ ፕላን በተዋዋለው ዋጋ ነው።

ይህ በኪስዎ ላይ የሚታይበት መንገድ ፕላንዎ በሚያስከፍልበት ሁኔታ ይወሰናል። ድርሻዎ ቁርጥ ያለ ኮፔይ ከሆነ፣ ለምሳሌ 45 ዶላር ብቻ ከሆነ፣ ዋጋው ቢወርድም ፋርማሲው ጋ ለውጡን ላያዩት ይችላሉ። ድርሻዎ በመቶኛ ከሆነ ግን ወዲያው ያዩታል። ጃርዲያንስን በ30 በመቶ እናስላው። ከ573 ዶላር 30 በመቶ ወደ 172 ዶላር ይመጣል። ከ197 ደግሞ 59 ዶላር ነው። ጠርሙሱ አንድ፣ ፋርማሲው አንድ፣ ልዩነቱ በወር 113 ዶላር። ስለዚህ ደብዳቤውን ሲያነቡ «ኮፔይ» ነው የሚለው ወይስ «ኮኢንሹራንስ» የሚለውን ይፈልጉ። የመጀመሪያው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው መቶኛ ነው።

ለብቻው የሚገዛውን ፓርት ዲ ለምን እንደማልመክር በዚሁ ሒሳብ ማየት ይቻላል። በ2026 በሕጉ መደበኛ አሠራር መጀመሪያ 615 ዶላር ዲዳክቲብል (ፕላኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣ) አለ። ከዚያ በኋላ ጣሪያው እስኪደርስ 25 በመቶ ይከፈላል። ኤሊኩዊስና ጃርዲያንስ ተደምረው በወር 428፣ በዓመት 5,136 ዶላር ይሆናሉ። 615ቱን ሲከፍሉ 4,521 ይቀራል። የእሱ 25 በመቶ 1,130 ዶላር ነው። ጠቅላላው ወደ 1,745 ዶላር ይመጣል። በዚህ ላይ ወርሃዊ ፕሪሚየሙ አለ። ፕላኖቹ ከመደበኛው ለየት ሊሉ ይችላሉ፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። የእርስዎ ፕላን በሜዲኬር በኩል ሁለቱን በ45 በ45 ዶላር ቢሰጥዎት ዓመቱን ሙሉ 1,080 ዶላር ነው፤ ተጨማሪ ፕሪሚየም የለውም። የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር ከፕላኑ መጽሔት አውጥተው በ45 ቦታ ይተኩት።

ሌላም ችግር አለ። ሜዲኬር በአንድ ጊዜ ሁለት ፓርት ዲ አይፈቅድም። ለብቻው የሚሸጠውን ሲገዙ የፌዴራል ፕላንዎ ያስገባዎት ፓርት ዲ በራሱ ይቋረጣል። ይህንን የሚያውቁት ፋርማሲ ቆመው ካርድዎ «አይሠራም» ሲባል ነው።

ሜዲኬር አድቫንቴጅን በተመለከተ በቴሌቪዥን የሚተዋወቀው ነገር ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ፕሪሚየም የሌላቸው ፕላኖች አሉ፤ ፓርት ቢን (የሐኪም ሽፋኑን) ግን ያው መክፈልዎ አይቀርም፤ በ2026 በወር 202.90 ዶላር ነው። የእኔ ተቃውሞ «ካንስል አድርግ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የፌዴራል ጡረተኛ ኤፍ ኢ ኤች ቢን በራሱ ፈቃድ ካንስል ካደረገ በአጠቃላይ መመለሻ የለውም። ሕይወቱን በሙሉ የሠራበትን መብት በአንድ ስልክ ይዘጋዋል። ሕጉ የሚፈቅደው ሌላ መንገድ አለ፤ ሰስፔንድ ማድረግ (ለጊዜው ማገድ) ይባላል። ወደ ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚገባ ጡረተኛ አር አይ 79-9 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ለኦ ፒ ኤም (የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ) ይልካል። ፕሪሚየም መክፈሉን ያቆማል፤ ካልተስማማውም በዓመታዊው የምዝገባ ወቅት ይመለሳል። ለፓርት ዲ ብቻ ተብሎ ግን ሰስፔንድ አይደረግም።

ለእርስዎ ሰስፔንዱም አይሆንም። ባለቤትዎ የምትታከመው በእርስዎ ስም ባለው ኤፍ ኢ ኤች ቢ ነው። እርስዎ ሲያቆሙ እሷም አብራ ትቆማለች። 61 ዓመቷ ነው፤ ለሜዲኬር አራት ዓመት ይቀራታል። እስከዚያ ለእሷ ብቻ ሌላ ኢንሹራንስ መግዛት ሊኖርብዎት ነው። እርስዎ የሚያተርፉት ፕሪሚየም በእሷ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ደግሞም ክፉ ቀን ቢመጣና እርስዎ ቢቀድሙ፣ እሷ በፌዴራሉ ኢንሹራንስ ለመቀጠል ሁለት ነገር ያስፈልጋታል። ጡረታ ሲወጡ ለትዳር ጓደኛ የሚቀር ጡረታ መርጠው መሆን አለበት፤ በሞቱበትም ቀን ኢንሹራንሱ እሷን የያዘ መሆን አለበት። ካንስል የተደረገ ኢንሹራንስ ለማንም አይወረስም። የጡረታ ወረቀትዎን ዛሬ አውጥተው የመረጡትን ይመልከቱ። ይህንን ባልና ሚስት አብረው ቁጭ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ወረቀቱ የት እንዳለ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አዲስ አበባው ጉዞ፤ ፓርት ዲ የሚያንስበት ቦታ ይህ ነው። ፓርት ዲ የሚከፍለው በአሜሪካና በግዛቶቿ ውስጥ ለተገዛ መድኃኒት ነው። ቦሌ ካለ ፋርማሲ የገዙትን ደረሰኝ ቢያመጡ ፓርት ዲ አይመልስልዎትም። ሜዲኬር ራሱም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በውጭ አገር ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ብዙዎቹ የኤፍ ኢ ኤች ቢ ፕላኖች ግን በውጭ አገር ለተደረገ ሕክምና ደረሰኝ ተቀብለው ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ኤች ኤም ኦዎቹ (በራሳቸው ሐኪሞች ብቻ የሚያሳክሙት)፣ ድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው የሚሸፍኑት። ኤፍ ኢ ኤች ቢን እንዳይለቁ ከምልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በመድኃኒቱ ወደ ፓርት ዲ ቢዞሩም የሐኪም ቤት ሽፋንዎ አብሮዎት ይጓዛል።

ለሦስት አራት ወር ጉዞ መፍትሔው ቀድሞ መሙላት ነው። ሐኪምዎ የ90 ቀን ማዘዣ ይጻፍልዎት። ከመሄድዎ ከአንድ ወር በፊት ካርድዎ ጀርባ ባለው ስልክ ደውለው «ረጅም ጉዞ አለኝ፤ የጉዞ ተጨማሪ መጠን ይፈቀድልኝ» ይበሉ። ፋርማሲው ብቻውን ሊፈቅድ አይችልም፤ ቀኑ ሳይደርስ ሲሞክር ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል። ጥያቄውን የሚፈቅደው ፕላኑ ነው። ከ90 ቀን በላይ ካልተፈቀደልዎት የጉዞውን ቀን በዚያው ልክ ያስተካክሉ። መድኃኒቱን ስምዎ ባለበት ጠርሙስ ይያዙ፤ ሻንጣ ይጠፋልና በእጅ ቦርሳ ያድርጉት።

ይህንን የምለው በተለይ ስለ ኤሊኩዊስ ነው። ደም ማቅጠኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጡ ለደም መርጋትና ለስትሮክ ያጋልጣል። «እስክመለስ እንዲበቃኝ በቀን አንድ ልውሰድ» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። እባክዎ አያድርጉት። የሚያልቅ ከመሰለዎት መድኃኒቱን ከመቆጠብ በራስዎ ገንዘብ መግዛት ይሻላል።

ኑሮዎን ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ካሰቡ ግን ምክሬ ይለወጣል። ፓርት ዲ ለመያዝ ነዋሪነትዎ አሜሪካ መሆን አለበት። ጠቅልሎ የሄደ ሰው ከፓርት ዲው ወጥቶ ወደ ድሮው የኤፍ ኢ ኤች ቢ የመድኃኒት ሽፋን መመለስ ይኖርበታል። ፕላኑን ሲመርጥም በውጭ አገር የተገዛ መድኃኒት የሚመልስ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ወደ ፓርት ዲው መግባት የማያዋጣው ለማን ነው? በመጀመሪያ ገቢው ከፍ ያለ ሰው። በ2026 ታክስ ለብቻው የሚያስመዘግብ ከ109,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው የሚያስመዘግቡ ከ218,000 ዶላር በላይ ገቢ ካላቸው ሜዲኬር በፓርት ዲ ላይ ተጨማሪ ያስከፍላል። በአሠሪ በኩል በመጣ ፓርት ዲም ይሠራል። በእያንዳንዱ ሰው ላይ በወር ከ14.50 እስከ 91 ዶላር ነው። የሚታየው የዘንድሮ ገቢ ሳይሆን የዛሬ ሁለት ዓመቱ የታክስ ወረቀት ነው። እርስዎ የዛሬ ሁለት ዓመት ገና ደመወዝተኛ ነበሩ። የባለቤትዎ ደመወዝ ከተጨመረበት፣ ወይም ያን ዓመት ከቲ ኤስ ፒ (የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ) ጠቀም ያለ ገንዘብ አውጥተው ከሆነ፣ ቁጥሩ ሊያልፍ ይችላል። ካለፈ አይደንግጡ። ገቢዎ የወረደው ሥራ በማቆምዎ ከሆነ ኤስ ኤስ ኤ 44 የተባለውን ቅጽ ለሶሻል ሴኩሪቲ አስገብተው በአዲሱ ገቢዎ እንዲታይልዎት ይጠይቁ። ሥራ ማቆም በቅጹ ላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው የአምራች ኩባንያ የቅናሽ ካርድ የሚጠቀም ሰው ነው። ኮፔይ ካርድ የሚባለው። ፓርት ዲ ውስጥ ካሉ በዚህ ካርድ መጠቀም በፌዴራል ሕግ አይቻልም። በኤፍ ኢ ኤች ቢ ግን ያ ክልከላ የለም፤ ካርዱን የሚሰጠው ኩባንያ የራሱን ደንብ ካላወጣ በቀር። እስከ ዛሬ ኤሊኩዊስን ወይም ጃርዲያንስን በእንዲህ ዓይነት ካርድ በርካሽ ሲያገኙ ከነበረ፣ ከመግባትዎ በፊት አዲሱን ኮፔይ ከድሮው ጋር ያስተያዩ። ስሌቱን ሊገለብጡ ከሚችሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ግን ጎልቶ አይጻፍም።

ሦስተኛው መድኃኒቱ በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሰው ነው። የፓርት ዲ ሕግ አንዳንድ የመድኃኒት ዓይነቶችን ከመጀመሪያው አይሸፍንም። ክብደት ለመቀነስ ብቻ የሚታዘዙ፣ ብዙዎቹ ቫይታሚኖች፣ የጉንፋንና የሳል ማስታገሻዎች እዚህ ውስጥ ናቸው። አንዳንድ የፌዴራል ፕላኖች ከእነዚህ የተወሰኑትን በራሳቸው ይጨምራሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። እርስዎ የጠቀሷቸው አራቱ መድኃኒቶች በዚህ አይነኩም። ሜትፎርሚንና አቶርቫስታቲን ርካሽ ጄነሪክ ናቸው፤ በየትኛውም ሽፋን ቢሆን ብዙ አያስወጡም። ኤሊኩዊስና ጃርዲያንስን ደግሞ ዋጋቸው የተደራደረ ስለሆነ ማንኛውም ፓርት ዲ ከዝርዝሩ ሊያስቀር አይችልም። ቅድመ ፈቃድ ወይም የመጠን ገደብ እንዳለባቸው ግን ይመልከቱ።

ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኛ ግን ፓርት ዲ ውስጥ መግባቱ በሌላ በኩል ይጠቅመዋል። ኤክስትራ ሄልፕ የሚባለው የመንግሥት ድጎማ የሚሰጠው ፓርት ዲ ለያዘ ሰው ነው። ጡረታው ትንሽ የሆነ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢያመለክት አይጎዳም።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ኤፍ ኢ ኤች ቢን እንደያዙ ይቆዩ። ደብዳቤው የሚያቀርበውን የሜዲኬር መድኃኒት ሽፋን ይቀበሉ። ለብቻው የሚሸጥ ፓርት ዲ አይግዙ። ወደ አድቫንቴጅ አይሂዱ፤ ቢያንስ ባለቤትዎ የራሷን ሜዲኬር እስክታገኝ ድረስ። ይህንን ሐሳቤን የሚያስቀይሩኝ ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ በገቢዎ ምክንያት የሚጨመረው ክፍያ ተጥሎብዎት በቅጹ ካልተነሳልዎት፣ የኮፔይ ካርድ እየተጠቀሙ አዲሱ ድርሻ በጣም ከበለጠብዎት፣ ወይም ጠቅልለው ወደ አገር ቤት ለመግባት ቀን ከቆረጡ።

ከመወሰንዎ በፊት ግን የፕላንዎን የዘንድሮ መጽሔት ይክፈቱ። ክፍል 5 ኤፍ የድሮው የመድኃኒት ሽፋን ነው። ቀጥሎ ያለው በሜዲኬር በኩል የሚሰጠው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የአራቱን መድኃኒቶች ድርሻ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ክፍል 9 ደግሞ ከሜዲኬር ጋር እንዴት እንደሚቀናጅ ይነግርዎታል። ካርድዎ ጀርባ ባለው ስልክ ሲደውሉ የመድኃኒቱን ስም ከነሚሊግራሙ ይንገሯቸው፤ «ደም ማቅጠኛ» ካሉ የሚሰጡዎት መልስ የሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሜዲኬር ሲደውሉ በነፃ ነው። በየስቴቱ ያሉት ሺፕ የሚባሉት የሜዲኬር አማካሪዎችም ገንዘብ አያስከፍሉም፤ የሚሸጡት ነገርም የላቸውም። በስልክ ደውሎ የሜዲኬር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ሻጭ ግን ቁጥሩን አይስጡት።

አዲሱ ካርድ ሲመጣ በመጀመሪያው ወር ይጠንቀቁ። ፋርማሲው የድሮውን ካርድ በኮምፒውተሩ ይዞታል። ምንም ካልተነገረው በሱ ሊያስገባው ይሞክርና ይመለስበታል። ገና ሲደርሱ «ካርዴ ተቀይሯል» ብለው አዲሱን ይስጡ። የባለቤትዎ ግን አልተቀየረም፤ የሷን አብረው አያስቀይሩ። መድኃኒትዎ ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል ከተባሉም ባዶ እጅዎን አይመለሱ። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ የአንድ ወር ጊዜያዊ መድኃኒት የማግኘት መብት አለው። በዚያ መሐል ሐኪምዎ ለፕላኑ ይጽፋል። ፕላኑ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ሐኪሙ አስቸኳይ ነው ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ። ከከለከሉዎት ይግባኙ የሚሄደው በሜዲኬር መንገድ ነው፤ እንደ ድሮው ለኦ ፒ ኤም አይቀርብም።

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ክፍያው በአንዴ ከከበደዎት ፓርት ዲ የዓመቱን ወጪ በየወሩ ከፋፍሎ ያለ ወለድ የመክፈል አማራጭ አለው። ዋጋውን አይቀንስም፤ ያከፋፍለዋል እንጂ። ለፕላኑ ደውለው ይመዝገቡ።

ፕላኖቹ በየዓመቱ ስለሚለወጡ ኖቬምበር ላይ ደግመው ይመልከቱት። የፌዴራሉ የምዝገባ ወቅት በኖቬምበር አጋማሽ አካባቢ ተከፍቶ በዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ይዘጋል። የሜዲኬሩ ግን ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። ሁለቱን አያምታቷቸው። አዲስ አበባ የሚሄዱት በዚያ ወቅት ከሆነ ፖስታዎን የሚከፍትልዎት የሚያምኑት ሰው ይኑር። ባለቤትዎ 65 ሲሞላት በራሷ ስም ተመሳሳይ ደብዳቤ ይመጣላታል። ያን ጊዜ ስሌቱ በእሷ መድኃኒቶች እንደገና መሠራት አለበት፤ ለእርስዎ የበጀው ለእሷ ላይበጅ ይችላል።